«ዓይን ይበቃል» ላሉን ኃላፊ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ በአንድ የጤና ውይይት፣ አንድ ኃላፊ «የደም ካንሰርን ለመለየት ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል፤ ሌላው ቅንጦት ነው» አሉ። ተጨበጨበላቸውም። እኔን ከንግግሩ ይልቅ ጭብጨባው ነው ያበገነኝ።

እስቲ ይህን ዓይን እንየው። ጎበዝ የላቦራቶሪ ባለሙያ ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ይስባል፣ ያደርቃል፣ ጂምሳ ወይም ራይት በሚባል ቀለም ይቀባል፣ ዘይት ጠብ አድርጎ በመቶው ሌንስ ያያል። ኒውክለሱ የገዘፈ፣ ያልበሰለ ሴል ያገኛል። «ብላስት ነው» ይላል። እጁ ይባረክ፤ ሥራው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ግን የምን ብላስት? ከሁለቱ ዋና የደም ሴል ወገኖች የትኛው ነው፣ ሊምፎይድ ወይስ ማይሎይድ? ሊምፎይድ ከሆነስ ቢ ሴል ነው ቲ ሴል? ሴሉ ውስጥ አወር ሮድ የሚሏት ቀጭን ቀይ ዘንግ ከታየች ማይሎይድ ነው ተብሎ ይገላገላል። ካልታየችስ? ብዙ ጊዜ እኮ አትታይም። ያኔ ዓይን መገመት ይጀምራል። ሴሉ የተሸከመውን የፕሮቲን ምልክት፣ የቢ ሴሉ ሲዲ19 ይሁን የማይሎይዱ ሲዲ33፣ የሚያነበው ሴሎችን አንድ በአንድ በጨረር የሚመረምረው ፍሎው ሳይቶሜትሪ ነው።

በግምት ደግሞ ኬሞ አይሰጥም። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ኤፒኤል የሚባለው የማይሎይድ ደም ካንሰር ዓይነት ደም እያፈሰሰ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቶሎ ተለይቶ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነው ኤቲአርኤ ከተጀመረ ግን አብዛኛው ታማሚ ይድናል። ይሄ ነው ቅንጦቱ?

«በጀት የለም» የሚሉት ደግሞ ጭራሽ ያስቁኛል። ሲኤምኤል የሚባለውን የደም ካንሰር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ በዚህ በሽታ ታማሚዎች ሴል አንድ ያጠረ ክሮሞዞም ተገኘ። በ1973 ጃኔት ሮውሊ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ መለዋወጣቸውን አሳዩ። ከዚህ ልውውጥ የሚፈጠረው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ ጂን ነው። ከ2001 ጀምሮ በሐኪም የሚታዘዘው ኢማቲኒብ የሚመታው የዚህኑ ጂን ፕሮቲን ነው። እና ጂኑን የሚለካ ካርትሬጅ፣ ማለትም ናሙናው ተጨምሮበት ማሽን ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ፣ አለ። የት የሚገባ ይመስላችኋል? ጂንኤክስፐርት ውስጥ! ያው የቲቢ አክታ የሚመረመርበት ማሽን። ውጤቱም በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ማሽኑ እቤታችን ቁጭ ብሏል፤ የጠፋው ካርትሬጁን ይዘዙ የሚል ሰው ነው። የኤችአይቪ ታማሚዎች ሲዲ4 (የበሽታ መከላከያ ሴላቸው ቁጥር) ሲለካ የኖረውስ በምን ሆነና? በፍሎው ሳይቶሜትሪ ነው። እርግጥ ለሲዲ4 ብቻ የተሠሩት ትንንሾቹ የደም ካንሰር አይለዩም። ትልልቆቹ ግን ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) እና የሠለጠነ ሰው ቢያገኙ ይሠራሉ። ለኤችአይቪ ሲሆን የግድ የነበረ ቴክኖሎጂ ለካንሰር ሲሆን በምን ተአምር ቅንጦት ሆነ?

«ሪፈር ይጻፍላቸው» ይላሉ አሁንም። ለመጻፉማ ይጻፋል። ከቢቸና የመጣ ገበሬ በሬውን ሸጦ፣ ትኩሳት የያዘው ልጁን አቅፎ የአባይን በረሃ ይሻገራል። አዲስ አበባ ዘመድ የለውም። አልጋ ይከራያል፣ ወረፋ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ለአንድ ምርመራ!

ሰውየውን ከማንከራተት ናሙናውን መላክ ማንን ገደለ? የደም ሴል የሚመረትበት መቅኔ ከዳሌ አጥንት ይቀዳል፣ ሐምራዊ ክዳን ባላት ቱቦ ይገባል፣ ስም ይጻፍበታል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ የተቀዳ ማታ ይደርሳል፣ በማግስቱ ይነበባል። የሚያስፈልገው ከተቀባዩ ላቦራቶሪ ጋር የተፈረመ ስምምነት፣ ናሙናውን ከሙቀት የሚጠብቅ ሳጥንና ሹፌር ነው። ኃላፊው ማሽን መግዛት ካቃታቸው ቢያንስ ይህቺን ወረቀት ይፈርሙ።