ሥራቸውን ይዘው ክፍል ይግቡ

ሥራ አስኪያጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው እንዲማሩ የሚመክር አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ምክሩ ደስ ብሎኛል። ጽሑፉ የማታና የቅዳሜ እሑድ ተማሪ መብዛቱን ብቻ እንደ ውጤት ማየቱ ላይ ግን አልስማማም። ቁም ነገሩ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ነው።

እዚህ ሐዋሳ አብራኝ የተማረች የልብስ ስፌት መስመር ኃላፊ ነበረች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ሥራ ጀምረው ብዙም ሳይቆዩ መልቀቃቸው የፋብሪካዎቹ ራስ ምታት ነበር። የእሷም ጥያቄ ይኸው ነው። ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ላይ ሰው የለም። ደመወዙ ከቤት ኪራይ አልተርፍ ብሎ ነው? የአለቃ ቁጣ ነው? መምህሩ ግን ስላይዱን አንብቦ ወጣ። ያቺ ጥያቄ እኮ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይወጣታል!

አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ማልኮም ኖውልስ ስለ ጎልማሶች ትምህርት ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ጎልማሳ ልምዱን ይዞ ይመጣል፣ ችግሩን የሚፈታለትን ነገር ለማወቅ ይጓጓል። እንግሊዛዊው የሥራ አመራር ምሁር ሬግ ሬቫንስም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የከሰል ማዕድን ሥራ አስኪያጆች በትንንሽ ቡድን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ችግር በጥያቄ እንዲፈትሽ አደረገ። ለዚህ ውድ ነገር አያስፈልግም። ጥቂት ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የእውነት ችግር። ሥራ ላይ ሞክረውት በሚቀጥለው ቅዳሜ ውጤቱን ይዘው ይመለሳሉ።

የመመረቂያ ጽሑፉስ ተማሪው ከሚሠራበት ድርጅት ችግር ቢነሳ ምን አለበት? አሠሪውም ግምገማው ላይ ይገኝ። የትምህርት ክፍያውን አንዳንድ ጊዜ የሚሸፍነው እሱ ነው።