«የዲፌንስ አሰልጣኙ ይባረር!» ከማለታችሁ በፊት ታክሉን እዩት

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «የዲፌንስ (የተከላካይ ክፍሉ) አሰልጣኙ ይባረር!» የሚለው ጩኸት አንጀቴን አሳረረው። በቃ እንጂ! አንድ የአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል (ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ) ቡድን 200 ያርድ፣ 183 ሜትር ገደማ፣ ሙሉ ሲሮጥበት ሁሉም ተነስቶ ስልት ይተነትናል፤ መሀል ላይ ማን እንደቆመ፣ እሱንስ ማን መልምሎ እንዳመጣው ግን የሚያይ የለም።

እስቲ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱ። የዲፌንሲቭ ታክል (የተከላካዩ ፊት መስመር መሀል ላይ የሚቆመው ግዙፍ ተጫዋች) ዋና ሥራ ኳስ የያዘውን መጣል አይደለም፤ ሁለት የተጋጣሚ ላይንማኖችን (ፊት መስመር ላይ የሚጋፉትን) በራሱ ላይ ጠምዶ ማቆየት ነው። ይህን ከቻለ ከኋላው ያለው ላይንባከር (ሁለተኛው መስመር ተከላካይ) ማንም ሳይነካው ወደ ኳሱ ይበራል። ካልቻለስ? አንዱ ላይንማን ብቻውን ታክሉን ይገፋዋል፣ ሁለተኛው አልፎ ላይንባከሩን ይዘጋዋል። ያኔ ሴፍቲው (የመጨረሻው ተከላካይ) ለእርዳታ ወደ ፊት ይጠጋል፣ ኮርነርባኩ (የዳር ተከላካዩ) ከሪሲቨሩ (ኳስ ተቀባዩ አጥቂ) ጋር ለብቻው ይፋጠጣል፣ ረጅም ኳስ ይወረወራል፣ ተችዳውን፣ ነጥብ ተቆጠረ! ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ኮርነርባኩን ነው፤ ስድቡን የሚጠግበውም እሱ።

የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 በአማካይ በጨዋታ 10.2 ነጥብ ብቻ እያስቆጠሩበት ዋንጫ የበላው በስልት ብቻ ይመስላችኋል? በ2022ቱ የኤንኤፍኤል ድራፍት (የፕሮፌሽናል ሊጉ የኮሌጅ ተጫዋቾች ምርጫ) ከዚያ ዲፌንስ 5 ልጆች በመጀመሪያው ዙር ተወስደዋል። አንዱ፣ ታክሉ ጆርዳን ዴቪስ፣ 155 ኪሎ ገደማ ሆኖ 40 ያርድ በ4.78 ሰከንድ ሮጧል። እንዲህ ያለ ሰው በልምምድ አይሠራም፣ ተፈልጎ ነው የሚመጣው። ደግሞ ሃይስኩል እያለ በምልመላ ደረጃ ከ5 ኮከብ ባለ 3 ብቻ ነበር! ያገኘው የመልማይ ዓይን ነው።

«የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲስ? በ2022 አንደኛ የተባለ ምልመላ ይዞ 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። የ18 ዓመት ልጅ የ22 ዓመት ጎረምሳ ፊት ሲቆም ይገፋል። የፊት መስመር ተጫዋች (ላይንማን) ክብደት እስኪይዝ፣ እጁን መጠቀም እስኪማር ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ከነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ደግሞ ሳይበስሉ በትራንስፈር ፖርታል (ተጫዋች ኮሌጅ በሚቀይርበት መዝገብ) ሄዱ። ለዚህ ነው በየዓመቱ አራት የመስመር ልጅ ማስፈረም የሚያስፈልገው፤ አንዱ ይጎዳል፣ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ አያድግም። ስምንት ሰው ማፈራረቅ ያልቻለ ቡድን አራተኛው ሩብ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።

«ያለ ዝነኛ ምልምል ጥሩ ዲፌንስ አለው» ብላችሁ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲን ደግሞ አትጥቀሱብኝ። እዚያ ፊል ፓርከር ከ2012 ጀምሮ ዲፌንሱን ይመራል፤ ለሱ ዲፌንስ የሚሆነውን ልጅ ሌላው ሳያየው ያውቀዋል። ያም ምልመላ ነው።

ዲሴምበር ላይ፣ የሃይስኩል ልጆች ለኮሌጅ በሚፈርሙበት ጊዜ፣ ፈጣን ሪሲቨር ፈረመ ብላችሁ ስትጨፍሩ ትልቁ ታክል ለተቀናቃኛችሁ ፈረመ። ያን ቀን ለምን ዝም አላችሁ?