7.62 ሁሉ አንድ አይደለም

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ፤ «7.62 ከ5.45 ስለሚወፍር በሁሉም ነገር ይበልጣል» ያልከው ላይ ግን ልሞግትህ። ቁጥሮቹ የአረሩ ውፍረት በሚሊሜትር ናቸው፤ 7.62 የክላሽ፣ 5.45 የኤኬ 74 ነው። ዕድሜዬን ክላሽ ተሸክሜ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ለክላሽ አላዳላም ማለት አልችልም።

በጉልበት ይበልጣል፣ እሺ። የክላሽ አረር 8 ግራም ገደማ ነው፤ ከአፈሙዝ በሴኮንድ 715 ሜትር ያህል ሲወጣ ወደ 2000 ጁል ጉልበት ይይዛል። የ5.45ቱ 3.4 ግራም ብቻ ነው፤ በ900 ሜትር ፍጥነት እንኳ 1400 ጁል አይሞላም። ግን የ5.45ቱ አረር የሚበርበት መንገድ ይበልጥ ቀጥ ያለ ነው። ደረት የሚያህል ዒላማ ላይ የማነጣጠሪያውን ርቀት ሳትቀይር በክላሽ እስከ 350 ሜትር፣ በኤኬ 74 እስከ 440 ሜትር ትመታለህ። ርቀት መገመት ለሚያቅተው ምልምል ይህ ትልቅ ነገር ነው። (እኔም አንዱ ነበርኩ።) ሙሉ ጥይቱም ከነቀለሁ ቀላል ነው፤ የክላሹ 16 ግራም፣ የ5.45ቱ 11 ግራም ገደማ ስለሆነ መቶ ፍሬ ስትሸከም ይለያያል።

ከፍታንም ዘለልከው። እኛ ሱሉልታ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚሳሳ አረር ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፤ ለቆላ የተሠራ የተኩስ ሰንጠረዥ እዚህ ሩቅ ዒላማ ላይ ከዒላማው በላይ ያስመታሃል።

ደግሞ መስኮቴ ላይ አንዲት የዛገች የመትረየስ ቀለህ አለች፣ ቂጧ ላይ ከንፈር ያላት፣ ዓይነቷ ከ1891 (እ.ኤ.አ.) የሩሲያ ጠመንጃ የወረደ። እሷም 7.62 ናት፤ የጥይቷ ጉልበት ግን ከ3000 ጁል በላይ ነው። ከክላሽ ጥይት ጋር በአንድ መስመር ማስፈርህን አስተካክለው።