የዓሣ ቆዳ የሰው ቆዳ ሆኖ አይቀርም

ወንድሜ፣ «ብራዚል ውስጥ ለተቃጠለ ሰው የዓሣ ቆዳ ይተክሉለታል፤ በዚያው የራሱ ቆዳ ሆኖ ይቀራል» ያልከው ይታረም። ፎርታሌዛ ከተማ ላይ ሐኪሞች የሚጠቀሙት የቲላፒያ፣ እኛ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ቆዳ ነው። ግን አይተከልም፤ ይለጠፋል። ኮላጅን በሚባል የቆዳ ፕሮቲን የበለጸገ ስለሆነ ቁስሉ ላይ ጥብቅ ብሎ እርጥበቱን ይይዛል፤ ፋሻ በተቀየረ ቁጥር የሚመጣውን ስቃይም ያስቀራል። ከሥሩ የታማሚው የራሱ ቆዳ ሲያድግ የዓሣው ደርቆ ይላቀቃል። ቆዳውን እስከ ታች ለበላ ቃጠሎ ግን ብዙ ጊዜ ከራሱ ከታማሚው ጭን ስስ ቆዳ ተልጦ ነው የሚተከለው።

ደግሞ የዓሣው ቆዳ በኬሚካልና በጨረር ከጀርም የጸዳ ነው። ከገበያ የገዛኸውን ቆሮሶ ገፍፈህ እንዳትለጥፍ፣ አደራ!