መሠረቱ ሳይቀበር አንድ ሰው ይየው

ባለፈው ጥቅምት ከድሬዳዋ ወጣ ብዬ ቢዮ አዋሌ አካባቢ አክስቴ ጋ ሄጄ ነበር። ልጇ ዓረብ አገር ሠርታ በላከችው ብር ቤት እያሠራች ነው። ሁለት ክፍል፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ደስ ይላል። ዞር ዞር ስል ግን ማዕዘኑ ላይ የቆሙትን ፌሮዎች አየሁና ቀዝቀዝ አልኩ። እኔ ራሴ ሳይት ላይ ነው የምውለው፣ ስታፋ፣ ማለትም የቆሙትን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት ብረት፣ አንዱ ከሌላው ከ20 ሳንቲ በላይ ሲራራቅ ዓይኔ አያልፈውም። ይሄ 40 ነው! ግንበኛውን ጠየቅኩት። «አቦ፣ ፎቅ አይደለም እኮ» አለኝ።

አሸዋው ከደረቁ ወንዝ የተዛቀ ነው። ባዶ ሃይላንድ ፈልጌ እስከ ግማሽ አሸዋ ጨመርኩ፣ ውሃ ሞላሁበት፣ በደንብ ናጥኩና ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት። ቡና ጠጥተን ስንመለስ አሸዋው ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ደለል ተኝቷል። ጭቃ ያለበትን አሸዋ ሲሚንቶ አይዘውም። አክስቴ ሃይላንዱን አንስታ ትንሽ አየችው።

«ታዲያ ይሄን ማን ይነግረኛል ልጄ?»

እውነቷን ነው። ለማሽላዋ የልማት ሠራተኛ ይመጣል። ለሕፃናቱ ክትባት የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ትዞራለች። የልጅ የስደት ላብ ለሚፈስበት ቤት ግን የሚመጣ የለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሲጀመር የተጻፈው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነው። ከከተማ ውጭ የነካው የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካን፣ የእርሻ ድርጅትንና ሪል እስቴትን ነው እንጂ የገበሬውን መኖሪያ አይደለም። የያኔው ይገባኛል፤ የገጠር ቤት ድንጋይ፣ እንጨትና ጭቃ ነበር፣ ሠሪውም ሙያውን ከአባቱ የወረሰ ነው። የአርማታን ነገር ግን ማንም ከአያቱ አልወረሰም።

ደግሞ የምንኖርበትን እናውቀዋለን። ሐምሌ 1998 በሌሊት ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን፤ ያ ውሃ የወረደው ከላይ ካለው ገጠር ነው። በ2017 አዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የስንቱ ቤት ፈረሰ። እኛም የዚያው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነን።

የገጠር ቤት ግንባታም ቁጥጥር ይኑረው ሲባል ሰው የሚታየው ማህተም፣ «ነገ ተመለስ» እና ጉቦ ነው። ገበሬው ይሄን ቢፈራ አልፈርድበትም። እኔ የምለው ግን አንድ የሚያውቅ ሰው ሦስት ጊዜ ይምጣ ነው፦ ቦታው ሲመረጥ ጎርፍ መውረጃ ላይ እንዳይሆን፣ መሠረቱ ሳይቀበር፣ የላይኛው ማሰሪያ አርማታ ሳይፈስበት። ከልስን በኋላ የመጣ ተቆጣጣሪ ቀለም ብቻ አይቶ ነው የሚሄደው። ከቴክኒክና ሙያ በኮንስትራክሽን ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ሞልተዋል፣ ለየቀበሌው ይቀጠሩ። ከባለቤቱ አምስት ሳንቲም እንዳይቀበሉ፤ ብር በመሃል ከገባ ነገሩ እዚያው አበቃ። ያዩትን በሁለት ቅጂ ይጻፉ፣ አንዱ ባለቤቱ እጅ ይቅር። ጉድለት ሲገኝም መጀመሪያ እንዴት እንደሚስተካከል ይንገሩት፣ «አፍርስ» የመጨረሻው ቃል ይሁን።

አክስቴ ቤት ስታፋው በማግስቱ ተጨምሮ ታሰረ፣ ሌላ አሸዋም መጣ። የፈጀው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ግንበኛውም ሲነገረው ወዲያው ነው የገባው። መሠረቱ ግን እኔ ከመድረሴ በፊት ተቀብሯል። ውስጡ ምን እንዳለ ከግንበኛው በቀር የሚያውቅ የለም።