«አይ ዊሽ ዩ ፓስ» የተባለ ልጅ እንዴት ይለፍ?

የ12ኛ ክፍል ፈተና በደረሰ ቁጥር ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ባነር ይዘረጋል፣ ፌስቡኩም ይጥለቀለቃል። «አይ ዊሽ ዩ ፓስ»፣ «ዊ ዊሽ ዩ ዊል ፓስ»፣ «አይ ዊሽ ዩ ሰክሰስፉል»። ኧረ በፈጠራችሁ! ሦስቱም ስህተት ነው፤ ያውም እንግሊዝኛ ሊፈተን ለሚገባ ልጅ!

ጥፋቱ «እመኛለሁ» ከምትለው ቃላችን ይጀምራል። በአማርኛ «እንድታልፍ እመኛለሁ» ቢባል ማንንም አይቆረቁረውም። እንግሊዝኛው ግን ይቺን ግስ ለሁለት ከፍሏታል፤ ሊሆን ለሚችል ነገር «ሆፕ»፣ ላልሆነ ወይም ለማይሆን ነገር «ዊሽ»። ልጁ ገና አልተፈተነም፣ ማለፍ ይችላል። ስለዚህ «አይ ሆፕ ዩ ፓስ»። «አይ ሆፕ ዩ ዊል ፓስ» ብትሉም ያስኬዳል።

የሚያበግነው፣ «ዊሽ ሲደመር ፓስት ቴንስ» የሚለውን ሰንጠረዥ ሁሉም ይሸመድዳል፣ ለምን ፓስት እንደሆነ ግን የሚነግር የለም። መልሱ እኮ አፋችን ላይ ነው! ዊሽ ማለት «ምነው!» ነው። «ምነው ቤት በኖረኝ!» የሚል ሰው የሚያወራው ስለ ዛሬ ነው። ግሱን ግን እዩት፦ «ኖረኝ»፣ ያለፈ ጊዜ፣ ፊቱ ላይ «በ» ብቻ ተቀጥሎበት። እንግሊዝኛውም ያው ነው፦ «አይ ዊሽ አይ ሃድ ኤ ሃውስ»። እዚህ ላይ «ሃቭ» ያለ ሰው «ምነው ቤት አለኝ!» እንዳለ ቁጠሩት።

ሐይቅ ዳር ፎቶ ተነስቶ ጅዳ ላለች እህቱ «አይ ዊሽ ዩ አር ሂር» ብሎ የሚለጥፍ ሞልቷል። «ምነው እዚህ በሆንሽ!» ለማለት «አይ ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ነው። «አር» ከሆነማ እህትየው እዚያው ጀልባዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ምን አስመኘው? «ዌር» ደግሞ በመደበኛው ሰዋስው ለ«አይ»ም ለ«ሺ»ም ያው «ዌር» ነው። በንግግር ባለቤቶቹ ራሳቸው «አይ ዎዝ» ስለሚሉ እሱ ላይ አልሟገትም፤ ፈተናና ደብዳቤ ላይ ግን «ዌር»ን ያዙ። «ካን»ም «ኩድ» ይሆናል።

ላለፈው ቁጭት በአማርኛ «ኖሮ» እንጨምራለን፦ «ምነው ባጠናሁ ኖሮ!»። የእንግሊዝኛው «ኖሮ» «ሃድ» ነው፣ ሦስተኛውን የግስ ቅርጽ አስከትሎ፦ «አይ ዊሽ አይ ሃድ ስተዲድ»። ውጤት በወጣ ማግስት «አይ ዊሽ አይ ስተዲድ» ብሎ የሚጽፈው ልጅ ባለፈው ፈተና ሳይሆን ጭራሽ የማጥናት ልማድ ስለሌለው እያዘነ ነው። ምናልባት እሱም እውነት ይሆናል።

«ዉድ» የሚገባው የሌላ ሰው ጸባይ ወይም ከእጃችን የወጣ ነገር ሲያማርረን ነው። ጎረቤት ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ሲያስጮህ «አይ ዊሽ ሂ ዉድ ተርን ኢት ዳውን»፤ ክረምት ላይ የጦሳ ዳመና አልገፈፍ ሲል «አይ ዊሽ ኢት ዉድ ስቶፕ ሬይኒንግ»። ለራስ አይሆንም። «አይ ዊሽ አይ ዉድ ቢ ኤ ዶክተር» ብላችሁ ፕሮፋይላችሁ ላይ የለጠፋችሁ፣ ሐኪም የመሆን ተስፋው ካላችሁ «አይ ሆፕ ቱ ቢካም ኤ ዶክተር» በሉና አስተካክሉት።

ወሎ ደግሞ ምርቃት አያልቅበትም። «አላህ ያሳካልህ»፣ «እግዜር ይጠብቅህ»፣ «ዕድሜ ይስጥህ»፤ እነዚህን ሁሉ በዊሽ ሲተረጉሟቸው ነው ደሜ የሚፈላው! የ«ያሳካ፣ ይጠብቅ፣ ይስጥ» አቻው «ሜይ» ነው፣ ዓረፍተ ነገሩን ከፊት ሆኖ ይመራል፦ «ሜይ አላህ ፕሮቴክት ዩ»። ግሱ እንዲሁ ባዶውን ይቀመጣል፣ ኤስ አይለጠፍበትም። «ነፍስ ይማር»ም በዚሁ ይሄዳል፦ «ሜይ ሂዝ ሶል ሬስት ኢን ፒስ»። «አይ ዊሽ ሂዝ ሶል ሬስት» የሚለውን ኮሜንት በየለቅሶው ፖስት ሥር አያለሁ፤ ሐዘንተኛ ፊት ሰዋስው ማረም ነውር ሆኖ እንጂ!

ዊሽ የ«እመኝልሃለሁ»ን ሥራ የሚሠራው መጀመሪያ ሰውየው፣ ቀጥሎ ስም ሲከተለው ነው። «አይ ዊሽ ዩ ኤ ሃፒ በርዝዴይ»፤ «ዩ»ዋንም «ኤ»ዋንም አትዋጧቸው። «አይ ዊሽ ዩ ሰክሰስ»። «ሰክሰስፉል» ቅጽል ስለሆነ እዚህ ወንበር ላይ አይቀመጥም።

ባነር የምታሳትሙም የምታትሙም፣ «ሆፕ»ም «ዊሽ»ም በእንግሊዝኛው አራት አራት ፊደል ናቸው። ጨርቁ አንድ ሳንቲ አይረዝምባችሁም።