አዲሱ የአል-አቅሳ ሚንበር ፎርጅድ አይደለም

በእየሩሳሌም አል-አቅሳ መስጊድ የጁምዓ ኹጥባ (የዓርብ ስብከት) የሚደረግበት ሚንበር፣ ማለትም ባለ ደረጃው የመስበኪያ መድረክ፣ ገና አዲስ ነው። የቆመው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። የቀደመውን በነሐሴ 1969 አንድ አውስትራሊያዊ እሳት ለቆ አቃጠለው። ታዲያ አዲሱን «ያው ኮፒ ነው» ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም።

የመጀመሪያውን በ1168 ገደማ በሶርያዋ ሐለብ (አሌፖ) ያሠራው የሶርያ ገዥ የነበረው ኑረዲን ዘንጊ ነው። እየሩሳሌም ያኔ በመስቀል ጦረኞች እጅ ነበረች። ሰውዬው ከተማዋን ሳይዝ ለመስጊዷ ሚንበር አዘዘ! ሳያያት በ1174 ሞተ። ከእሱ በኋላ የገዛው ሰላሃዲን በ1187 ከተማዋን ሲይዛት ሚንበሩን ከሐለብ አስመጣው።

ጎኑ በሙሉ ከዋክብትና ባለብዙ ማዕዘን ቁርጥራጮች ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ተቆርጦ ይቀረጻል። በመካከላቸው ቀጫጭን ዘንጎች ያልፋሉ። የዘንጉ ጎን ቦይ አለው፤ የቁርጥራጩ ጠርዝ እዚያ ውስጥ ይገባል። በቃ። ሚስማር የለም፣ ሙጫም የለም። ለማማር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። አንድ ሰፊ ጣውላ ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። ትንንሾቹ ግን በቦያቸው ውስጥ መላወሻ አላቸው። ጣጣው ማዕዘኑ ላይ ነው። አንዷ በትንሹ ከሳተች ስህተቱ እየተጠራቀመ ሄዶ መጨረሻ ላይ ኮከቡ አልገጥምም ይላል።

ዮርዳኖስ ውስጥ ሰልጥ ከተማ የተሰባሰቡት ባለሙያዎች የነበራቸው የተረፉ ስብርባሪዎችና አሮጌ ፎቶዎች ነበሩ። ከዚያ ተነስተው ንድፉን መልሰው አገኙት፤ ከ16 ሺህ በላይ ቁርጥራጮችንም እንደ ጥንቱ ያለ ሚስማርና ያለ ሙጫ ገጣጠሙ። የጠፋ ሙያ እንደገና እጅ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህን ፎርጅድ ማለት ግፍ ነው።

ይልቅ ካይሮን ተመልከቱ። እዚያ ካሉ የማምሉክ ዘመን (በመካከለኛው ዘመን ግብፅን የገዙ ሱልጣኖች ዘመን) ሚንበሮች ላይ ሌቦች ቅርጻ ቅርጾቹን እየነቀሉ ሸጠዋል። ያለ ሙጫ የተገጠመ ነገር ለመነቀልም አይከብድም። እንጨቱ እውነተኛ ጥንታዊ ነው፣ አዎ። ግን አንድ ሀብታም ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቁራጭ ከሰልጡ ሥራ ይበልጣል የሚል ካለ እሱ ያስረዳኝ። የአል-አቅሳው ቃጠሎ ትራፊ እዚያው ግቢ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። ቦታው እዚያ ነው፤ ኹጥባው ደግሞ በአዲሱ ላይ ይቀጥል።